ብዕርን በመዶሻ ሳይሆን በመጭመቂያ ስለ ማጋጠም

ባለፈው ክረምት ከአባቴ መቋሚያ ሁለት ብዕር ለመሥራት ተነሣሁ፤ አንደኛውን ግን በገዛ መዶሻዬ ሰነጠቅሁት። በዚህ ወር ለተወደዳችሁ አንባብያን የማቀርበው ጽሑፍ ስለዚያ ስንጥቅና ከስንጥቁ በኋላ ስለ ሠራሁት ትንሽ የእንጨት መጭመቂያ ነው። ነገሩ በአንድ ቤት ጓዳ ውስጥ የተፈጸመ ስለ ሆነ ለቁም ነገር የማይበቃ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከጥፋቱ የተገኘው ትምህርት በእጅ ሥራ ለሚደሰት ቤተ ሰብ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየኝ፣ የራሴን ስሕተት ሳልደብቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተርከዋለሁ።

አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። በማሕሌት ሲቆም የሚደገፍበት የወይራ መቋሚያ ነበረው፤ ከእጁ መዳፍ ብዛት የተነሣ የለሰለሰ፣ ከዕድሜው ብዛት የተነሣ እንደ ማር የጠቈረ ዘንግ ነበር። ከእርሱ ዕረፍት በኋላ በቤታችን ጥግ ቆሞ ሲኖር ከታች በኩል ምስጥ በላው፤ ከላይም ደርቆ ተሰነጠቀ። እናቴም አንድ ቀን አንሥታ አየችውና «ልጄ፣ ይህ ጨርሶ ሳይጠፋ ለአንተና ለወንድምህ አንዳች ነገር አውጣበት። ሁለታችሁም በጽሕፈት የምትኖሩ ናችሁና ብዕር ይሁንላችሁ» አለችኝ። በጥንቃቄ ብመረምረው ከመላው ዘንግ ጤነኛ ሆኖ የተገኘው 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ለአንድ ብዕር 6፣ 6 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ስለሚያስፈልጉ፣ መጋዝ የሚበላውና ከጫፍ የሚስተካከለው ሲቀነስ እንጨቱ ለሁለት ብዕር እንጂ ለሦስት አይበቃም። ወንድሜም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሊሄድ የቀረው 20 ቀን ነበር።

ብዕር የሚለው ቃል ራሱ ከግእዙ «ብርዕ» የመጣ ነው፤ ብርዕ ማለትም መቃ ወይም ሸንበቆ ነው። የጥንት ጸሓፊዎቻችን ሸንበቆውን በቢላዋ ቀርጸው፣ ጫፉን ሰንጥቀው፣ ጥላሸት የገባበትን ጥቁር ቀለም በቀንድ ይዘው፣ በብራና ላይ ይጽፉ ነበር። በዚያ ብዕር ውስጥ ስንጥቅ ጥፋት አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ብራናው የሚወርድበት መንገድ ነው። በዘመናችን በእጅ የሚሠራው የእንጨት ብዕር ግን ስንጥቅ ከነካው ያበቃለታል። ልዩነቱን ለማስረዳት አስቀድሜ አሠራሩን ልናገር።

ይህ ዐይነቱ ብዕር መጻፊያው ትንሽ ኳስ ያለችበት፣ ሁላችን እስክሪብቶ የምንለው ነው። እስክሪብቶን ለአገልግሎት ካበቁት ሰዎች ዋነኛው ላዝሎ ቢሮ የተባለ የሀንጋሪ ጋዜጠኛ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ወደ አርጀንቲና ከተሰደደም በኋላ በ1943 የተሻሻለውን በዚያው አገር አስመዘገበ። ዛሬ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ብዙ ሰዎች የብዕሩን የብረት ክፍሎች ብቻ ተዘጋጅተው ይገዙና አካሉን ከመረጡት እንጨት በቶርኖ እያወጡ መሥራትን የትርፍ ጊዜያቸው ሥራ አድርገውታል። ለእኔም በአሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ የሁለት ብዕር ዕቃ ገዝቶ ላከልኝ፤ መለማመጃ የሚሆኑ ተጨማሪ ጥቂት ዕቃዎችንም አብሮ አስገብቶ ነበር።

በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ወደ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ስስ የነሐስ ቱቦዎች፤ ቀለሙ የሚወጣበት ሾጣጣ ጫፍ፤ ሲያዞሩት ቀለሙን የሚያወጣና የሚመልስ ማዞሪያ፤ በመካከል የሚገባ ቀለበት፤ የኪስ ማንጠልጠያ፤ ማንጠልጠያውን የሚይዝ ቁንጮ፤ በመጨረሻም ቀለም የያዘ ቀጭን ቀፎ። እንጨቱ በመካከሉ ይበሳና የነሐሱ ቱቦ በሙጫ ይጣበቅበታል፤ ጫፎቹ ከቱቦው ጋራ ልክ ለልክ እስኪሆኑ ይስተካከላሉ፤ ከዚያም በቶርኖ ተስሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ፣ ሰም ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። የቀረው ማጋጠም ብቻ ነው። የብረት ክፍሎቹ ከቱቦው ውስጥ ስፋት በጥቂቱ ወፈር ብለው የተሠሩ ስለ ሆኑ ሙጫም ቡሎንም ሳያሻቸው ተገፍተው ሲገቡ በጥብቀታቸው ብቻ ይያዛሉ።

እኔም ይህ የመጨረሻ ሥራ ቀላል መሰለኝ። የቶርኖውን ሥራ የሠራልኝ ለረጅም ዘመን በሙያው የኖረ ጎረቤቴ ነው፤ ወይራ ሲሞቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው መሰርሰሪያውን በዝግታ እያስገባ፣ ፍቅፋቂውን ለማውጣት ደጋግሞ እየሳበ፣ አራቱንም ቁራጭ ያለ እንከን አወጣልኝ። ዕቃውን ሲያስረክበኝም «መምህር፣ ሲያጋጥሙት እንዳይቸኩሉ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን እቤቴ እንደ ገባሁ የታችኛውን አካል በጠረጴዛ ላይ አቆምሁ፤ ሾጣጣውን ጫፍ በላዩ ላይ አኖርሁ፤ ጨርቅ ጣል አድርጌም በትንሽ መዶሻ መታሁት። ጫፉ ወደ አንድ ወገን ዘመመ። ላቃናው ብዬ በሌላው ወገን ደግሜ መታሁት። ያን ጊዜ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማኝ፤ ብዕሩንም አንሥቼ ባየው ከጫፍ እስከ መካከል ተሰንጥቋል።

እናቴ በአጠገቤ ተቀምጣ ታይ ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ ከጨርቁ ላይ የወደቀችውን ስንጥር አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ከተግሣጽ ሁሉ ይልቅ ይህ ዝምታዋ ከበደኝ። የወንድሜ ድርሻ ገና አልተነካም ነበር፤ ነገር ግን በዚያው እጅና በዚያው መዶሻ ልነካው አልደፈርሁም።

በማግሥቱ የተሰነጠቀውን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። አገላብጦ አየውና «መምህር፣ እንጨት ይገፋል እንጂ አይመታም» አለኝ። እኔም ለተማሪዎቼ ስለ ኀይልና ስለ መኪና ጠባይ ስናገር የኖርሁ ሰው በዚያች አንዲት ቃል ዐፈርሁ። ነገሩን ባሰላስለው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። ብዕሩ በቶርኖ ከተሳለ በኋላ በጫፉ ላይ በነሐሱ ዙሪያ የሚቀረው የእንጨት ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የሚገባው ብረት ቀጥ ብሎ ከገባ ነሐሱን በዙሪያው ሁሉ እኩል ይገፋዋል፤ እንጨቱም ይችለዋል። ዘምሞ ከገባ ግን ኀይሉ በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፤ እንጨቱም ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ በሥሩ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። መዶሻ ደግሞ ሁለት ክፉ ጠባይ አለው፤ አንደኛው፣ ኀይሉን በቅጽበት ስለሚሰጥ ስሕተቱን አይቶ ለማቆም ጊዜ አይገኝም፤ ሁለተኛው፣ እጅ ሁለት ጊዜ በአንድ መሥመር አይመታም። እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ በቀጥታ መሥመር መግፋትና በዝግታ መግፋት።

ይህን ሁለቱን የሚሰጥ መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ እርሱም ባለ ጥርስ ብሎን ነው። በአውሮፓ የወይን ዘለላ ይጨመቅ የነበረው በእርሱ ነው፤ ዮሐንስ ጉተንበርግም በጀርመን አገር በማይንስ ከተማ በ1450ዎቹ መጽሐፍ ሲያትም ወረቀቱን ከፊደሉ ጋራ የተጫነው በዚሁ ዐይነት መጭመቂያ ነበር። ብሎን ማለት በምሰሶ ላይ የተጠመጠመ ዐቀበት ማለት ነው። ሰው ዐቀበቱን እየዞረ ቢወጣ መንገዱ ይረዝምበታል፤ ድካሙ ግን ይቀልለታል። የ12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ወደ ፊት የሚራመደው 1.75 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከመካከሉ እስከ ጫፉ 8 ሴንቲሜትር የሆነ እጀታ ብንሰካበት፣ በአንድ ዙር እጃችን የሚጓዘው 502 ሚሊሜትር ያህል ነው። 502ን ለ1.75 ስናካፍለው 287 ይደርሳል፤ ይኸውም ፍትጊያ ባይኖር ኖሮ የእጃችን ኀይል 287 እጥፍ በሆነ ነበር ማለት ነው። ፍትጊያ ከዚህ ከግማሹ እጅግ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ቢሆንም የሚተርፈው ለብዕር ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ልኩ ነው፤ እጀታውን ሩብ ዙር ብናዞረው የሚገፋው ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነውና።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የሚያስፈልገው ዕቃ እጅግ ጥቂት ነው፤ በደንብ የደረቀ እንጨት፤ 12 ሚሊሜትር ወፍራምና 25 ሴንቲሜትር ረጅም የሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር ጥርስ የወጣለት ብሎን፤ ለእርሱ የሚሆን ዳዶና ሁለት ሮንዴላ፤ ጥቂት የእንጨት ብሎኖችና የእንጨት ኮላ። እኔ ለመሠረቱ ዋንዛ፣ ለሁለቱ ምሰሶዎች ደግሞ ከአሮጌ በር መቃን የተረፈ ጠንካራ እንጨት ተጠቅሜአለሁ። እርጥብ እንጨት ግን አይሁን፤ ሲደርቅ ይጣመማልና የተስተካከለው መሥመር ሁሉ ይበላሻል።

በመጀመሪያ መሠረቱን 30 ሴንቲሜትር ረጅም፣ 10 ሴንቲሜትር ሰፊ፣ 4 ሴንቲሜትር ወፍራም አድርጋችሁ ቍረጡ፤ ላዩንም በመላጊያ ደልድሉት። በሁለቱ ጫፎች ላይ 10 ሴንቲሜትር ሰፊ፣ 10 ሴንቲሜትር ረጅምና 4 ሴንቲሜትር ወፍራም የሆኑ ሁለት ምሰሶዎች ይቆማሉ። በመካከላቸው 22 ሴንቲሜትር ክፍት ቦታ ይቀራል። ነገር ግን ምሰሶዎቹን ከማቆማችሁ አስቀድሞ ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቃችሁ በሞርሳ እሰሩና፣ ከታች 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በትክክለኛው መካከል በቀጭን መሰርሰሪያ በአንድ ጊዜ ብሱአቸው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ምንጊዜም ፊት ለፊት እንዲተያዩ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የመሣሪያው ልብ ያለውም በዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የቀኙን ምሰሶ ቀዳዳ ብቻ ብሎኑ በነጻ እስኪያልፍበት አስፉት። የግራው ቀዳዳ እንዳለ ምልክት ሆኖ ይቅር።

ዳዶው በቀኙ ምሰሶ በውስጠኛው ፊት፣ ማለት ብዕሩን በሚያይበት በኩል፣ በመሮ በልኩ በተቈፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ከሥሩም ሮንዴላ ይደረግለታል። በውጭ በኩል ማድረግ ስሕተት ነው። ብሎኑ ብዕሩን ወደ ግራ ሲገፋ ዳዶው ወደ ቀኝ ይገፋልና፣ በውስጥ ካለ ከእንጨቱ ጋራ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በውጭ ካለ ግን ተገፍቶ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ሁለቱን ምሰሶዎች በኮላና ከታች በሚገቡ ረጃጅም ብሎኖች በመሠረቱ ላይ አጽኑ፤ በስኳድራ እየለካችሁም ቀጥ ማለታቸውን አረጋግጡ። ግፊያው ወደ ውጭ ስለሚያዘምማቸው ከእያንዳንዱ ምሰሶ በስተ ውጭ በኩል የብረት መደገፊያ በመሠረቱ ጫፍና በምሰሶው ጀርባ ላይ መምታት ይጠቅማል።

ቀጥሎ በመሠረቱ ላይ በሁለቱ ዳር 2.5 ሴንቲሜትር ሰፊና 3 ሴንቲሜትር ከፍ ያሉ ሁለት ሐዲዶች ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸውም 5 ሴንቲሜትር የሆነ ቦይ ይፈጠራል። በዚያ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ገፊ ይሠራል፤ እርሱም 5 ሴንቲሜትር ሰፊ፣ 5 ሴንቲሜትር ወፍራምና 8 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ቁራጭ ነው። ጎኑን አንድ ወረቀት በሚያሳልፍ ያህል ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ቀንሱለት፤ ሐዲዱንና ጎኑን ደግሞ በጧፍ ቁራጭ ብትቀቡት ሳይንገጫገጭ ይሄዳል። በገፊው ጀርባ የብሎኑ ጫፍ የሚገባበት 2 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቈፈራል። ቦታውን ለማግኘት የብሎኑን ጫፍ ጠመኔ ቀብታችሁ እስኪነካ አዙሩት፤ ነጥቡን ራሱ ያትምላችኋል። በጉድጓዱም ግርጌ ሁለተኛው ሮንዴላ ይቀመጥ፤ አለዚያ ብረቱ እንጨቱን እየፈተገ ይገባል።

ብሎኑ ይዞራል፤ ገፊው ግን ሳይዞር ይራመዳል። ይህን የጻፍሁት በምክንያት ነው። ለመለማመጃ በሠራሁት በመጀመሪያው ብዕር ገፊ ሳላደርግለት ብሎኑ ራሱ እንዲገፋ አድርጌ ነበርና፣ የብሎኑ ጫፍ እየዞረ የተወለወለውን ቁንጮ እንደ አይጥ ጥርስ ቧጠጠው።

በገፊው ፊትና በግራው ምሰሶ ፊት ላይ ብረቱን የማይቧጥጥ ንጣፍ ያስፈልጋል። የወጥ ቤት መክተፊያ ከሚሠራበት ፕላስቲክ 1 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ኮላ ስለማይዘው ግን በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይታሰር። በግራው ንጣፍ መካከል፣ ከምልክቱ ቀዳዳ ጋራ ትክክል፣ 5 ሚሊሜትር ስፋትና ያንኑ ያህል ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ብሱ፤ የብዕሩ ሾጣጣ ጫፍ ሳይንሸራተት የሚያርፍበት ነው። ደግሞም 3 እና 6 ሴንቲሜትር ወፍራም የሆኑ፣ እንደ ገፊው በቦዩ ልክ የተሠሩ ሁለት ቁራጮች አዘጋጁ፤ አጭሩን አካል ስታጋጥሙ ከግራው ምሰሶ አጠገብ ገብተው ክፍተቱን ያጠብባሉ። እነርሱም የየራሳቸው ንጣፍ ይኑራቸው። በመጨረሻም ላዩ በማዕዘን የተቦረቦረ፣ 4 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ትንሽ መደገፊያ ሥሩና በጨርቅ አልብሱት። ብዕሩ በላዩ ሲተኛ መካከሉ ከመሠረቱ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ብሎኑ፣ ብዕሩና ጎድጓዳው በአንድ መሥመር ይውላሉ። ከ16 ሴንቲሜትር ክብ እንጨት ወይም ብረት እጀታውን ሠርታችሁ በብሎኑ ውጭ ጫፍ አጽኑ። መጭመቂያው ተፈጸመ።

በቤት ሞርሳ ያለው ሰው መንጋጋዎቹን እንጨት አልብሶ በዚያ ሊያጋጥም ይችላል፤ ሥራውም ይሳካለታል። ነገር ግን አሮጌ ሞርሳ ሲጠብቅ መንጋጋው ያዘምማል፤ ብዕሩንም በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መያዝ ግድ ይሆናል። ሥራው ከአንድ ብዕር በላይ ከሆነ መጭመቂያውን መሥራት ይሻላል።

እንግዲህ ስለ ማጋጠሙ ሥርዐት ልናገር። ክፍሎቹን ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ላይ እንደ ተራቸው ደርድሩ፤ የእንጨቱም ሥር ከታችኛው ወደ ላይኛው አካል ሳይቋረጥ እንዲያልፍ ፊትና ኋላቸውን ለዩ። በቱቦው ውስጥ የደረቀ ሙጫ ካለ በቀጭን ክብ ሞረድ አጽዱት፤ ብዙ ብዕር የሚሰነጠቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያም ሾጣጣውን ጫፍ በታችኛው አካል አፍ ላይ አኑራችሁ፣ ጫፉን በጎድጓዳው አሳርፋችሁ፣ ሌላውን ወገን በገፊው ንኩ። ግፊያው ከመጀመሩ በፊት ከላይና ከጎን ተመልከቱ፤ ዘምሞ ከሆነ መልሳችሁ አስተካክሉ። በመዶሻ የማይገኘው ጸጋ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ ብረቱ ከእንጨቱ ጋራ ገጥሞ እስኪዘጋ ግፉት፤ ከዘጋ በኋላ አንዲት ሩብ ዙር እንኳ አትጨምሩ።

ቀጥሎ የሚገባው ማዞሪያው ነው፤ በነሐስ የተሠራው ወገኑ ወደ ውስጥ ይሆናል። ጥንቃቄ ሁሉ በዚህ ላይ ይጠንክር። ከመጠን ካለፈ የቀለሙ ጫፍ አለልክ ብቅ ይልና ሲመለስም አይሰወርም፤ ከልኩ ከጐደለም እንደሚገባው አይወጣም። ሆኖም ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱ ይታረማል፤ ሌላው አይታረምም። ማዞሪያው የሚገባው ወደ ጫፉ በቀረበ ቍጥር ቀለሙ ይበልጥ ይወጣልና፣ አለልክ ብቅ የሚለው ብዙ ሲገባ፣ ከነጭራሹ የማይታየው ጥቂት ሲገባ ነው። ጥቂት የገባውን መጨመር ይቻላል፤ ብዙ የገባውን ግን ብዕሩን ሳይጎዱ መሳብ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ማዞሪያው ከልኩ ጥቂት ሲቀረው አቁሙ፤ ቀፎውን ሰክታችሁ አዙሩና ተመልከቱ፤ ከዚያም በሩብ ዙር እየጨመራችሁ ደጋግማችሁ ሞክሩ። ልኩ ሲገኝ ቀለበቱን አግቡ፤ በላይኛው አካል ላይም ማንጠልጠያውንና ቁንጮውን በዚያው መጭመቂያ አጋጥሙ። ሁለቱን አካል አንድ የሚያደርገው እጅ ብቻ ነው፤ መጭመቂያ አያሻውም።

ከላይ ስለ ማዞሪያው የጻፍሁት አንድ አንቀጽ ሁለተኛውን የመለማመጃ ብዕር አስከፍሎኛል፤ ሳልለካ ገፍቼው ቀለሙ እንደ ወፍ ምላስ ወጥቶ ቀረ። ሦስተኛው ግን ያለ ነቀፌታ ተፈጸመ። አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት ለዚህ ነው፤ የእኔን ግን የሚለይ ነገር አለው፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተሰነጠቀ ወይራ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ማንም ሰው የማይተካውን እንጨት ከመንካቱ በፊት በሚተካ እንጨት ይለማመድ ብዬ እመክራለሁ።

ወንድሜ ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው የእርሱን ድርሻ አወጣሁ። እናቴን ጠርቼ በአጠገቤ አስቀመጥኋት። መደገፊያው ላይ አስተኝቼ፣ ከላይም ከጎንም አይቼ፣ ሩብ ዙር አዞርሁ፤ ቆሜ አየሁ፤ ደግሞም አዞርሁ። በመዶሻ አንድ ቅጽበት የፈጀው ሥራ በመጭመቂያው ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተሰማው ድምፅ የብሎኑ ጭርታ ብቻ ነበር። ብዕሩ ሲያልቅ ለእናቴ ሰጠኋት፤ እርሷም በመዳፏ መካከል እያሻሸች ለረጅም ጊዜ ያዘችው። «የአባትህ እጅ የነበረበት ቦታ ነው» አለች። እኔም ከዘንጉ የትኛው ክፍል ጤነኛ ሆኖ እንደ ቀረ ያን ጊዜ ተገነዘብሁ፤ ምስጡም ስንጥቁም ያልደረሰበት፣ በመዳፉ ወዝ አርባ ዓመት የተቀባው ክፍል ኖሯል።

የተሰነጠቀውም ብዕር አልተጣለም። በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሱፐር ግሉ አፈሰስሁበት፤ በክር አጥብቄ አሰርሁት፤ ሲደርቅም ክሩን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘቻት ስንጥር ከነበረችበት ገባች፤ እንዳትጠፋ አድርጋ ያቆየቻት ለዚህ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ጫፉንም በመጭመቂያው ቀጥ አድርጌ አገባሁት። ዛሬ የተማሪዎቼን ደብተር የማርመው በእርሱ ነው። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይታያል፤ አመልካች ጣቴም ሁልጊዜ በላዩ ላይ ያርፋል። አንድ ተማሪ ቸኩሎ የሠራውን ሒሳብ ሳገኝና ቀዩን ምልክት ላደርግበት ስል ጣቴ ያንን መሥመር ይነካዋል፤ ያን ጊዜ ምልክቱን ትቼ ልጁን እጠራና «ከየት ጀምሮ እንደ ዘመመ እስኪ አብረን እንይ» እለዋለሁ።